ለጥድ አፋፍ ያልጮኸው ደወል

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ በማስተምርበት የኮምፒውተር ክፍል አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ውጭው ጭጋግ ነበር፤ የጦሳ ተራራ ከነአናቱ ጠፍቶ መስኮቱ እርጎ የተለቀለቀ መስሏል። ፋጡማ ትባላለች፤ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት።

"መምህር፣" አለችኝ፣ "ጃቫስክሪፕት ውስጥ አንድ ኦብጀክት አለኝ እንበል። ውስጡ ያሉት ነገሮች ሲለወጡ ማወቅ ችያለሁ። ከዚህ በፊት ያልነበረ አዲስ ነገር ሲጨመርበት ግን ምንም አይነግረኝም። ዝም ብሎ ነው የሚገባው። እንዴት አድርጌ ልወቀው?"

ነገሩ ለማያውቀው አንባቢ፣ ኦብጀክት ማለት ፕሮግራም ጸሐፊ በየስማቸው ነገሮችን የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ በሉት። እያንዳንዱ ስም ከነያዘው ነገር ፕሮፐርቲ ይባላል። የፋጡማ ጥያቄ እንግዲህ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሲነካ ስለማወቅ አልነበረም፤ ጭራሽ ያልነበረ ዕቃ ሲመጣ ስለማወቅ ነው። መልሱን ሰሌዳው ላይ በጥቂት መስመር ጻፍኩላትና ትምህርቱን ቀጠልኩ። ወደ ቤት ስሄድ ግን በጭጋጉ ውስጥ ከጎኔ የሚሄድ ሰው ያለ ይመስል ድሮ የሠራሁባት ከተማ፣ መካነ ሰላም፣ አብራኝ መጣች። ያን ጥያቄ እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። እኔ ስጠይቀው መልሱን የምትጠብቅ የስንዴ ማሳ ነበረች።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። የኩታበር ልጅ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እናቴ ቤት ተቀምጬ ሥራ ስጠብቅ ሰነባብቻለሁ። በመጨረሻ በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉ መንደሮች የሰብል በሽታ የሚከላከል አንድ ትንሽ ፕሮጀክት የኮምፒውተር ሰው ይፈልጋል ተባለና ተቀጠርኩ። ፕሮጀክቱ ዛሬ የለም፤ ዘመኑ ሲያልቅ ተዘግቷል። ከደሴ በአውቶቡስ የሄድኩበት ቀን ሐምሌ ነበር። አቀስታ ስንደርስ ለሻይ ወረድን። ሰዎቹ የሱፍ ባና ተከናንበው ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ እኔ የለበስኩት የከተማ ጃኬት ወረቀት ሆነብኝ። የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጄ ይዤ ሳልጠጣው ብዙ ቆየሁ። አንዲት ሴት የሸጠችልኝን ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ እየበላሁ፣ "ይህ ብርድ ካለ ሥራው ከየት ይመጣል?" ብዬ አሰብኩ። ከአቀስታ ወዲያ መንገዱ እየጠመዘዘ፣ የገብሱ ማሳ አረንጓዴ እየሆነ፣ ከመሸ መካነ ሰላም ገባን።

አለቃዬ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቢሮ ውስጥም የማያወልቁት የጎማ ቦቲ ያላቸው ሰው። በመጀመሪያው ቀን ትከሻዬን ይዘው ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት አቆሙኝ። ግድግዳው ላይ ሰፊ ስክሪን ተሰቅሏል። ስክሪኑ ላይ የመንደሮች ስም፣ ከየስሙ አጠገብ ደግሞ አንዳንድ አረንጓዴ ክብ አለ።

"ይህን የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ወላሂ!" አሉኝ። "በየመንደሩ ያሉት ሠራተኞቻችን ዋግ ሲያዩ በስልክ መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ እዚህ ይገባል። ክቡ ቀይ ይሆንና ደወሉ ይጮሃል። እኔ መድኃኒቱንና መርጫውን ጭኜ እሄዳለሁ። አለቀ። ታውቀዋለህ አይደል ይህን ነገር?"

"እየለመድኩት እሄዳለሁ፣ ጋሼ።"

ዋግን የማያውቅ ካለ፣ ስንዴን የሚመታ በሽታ ነው። ቅጠሉና አገዳው ላይ የዛገ ብረት የመሰለ ዱቄት ይወጣል። ንፋሱ ያን ዱቄት ከማሳ ማሳ ይወስደዋል፤ ቶሎ ካልተረጨ ገበሬው የሚያጭደው ጭድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ያ ደወል በጮኸ ቁጥር ጋሽ ሰይድ የያዙትን ሻይ እንኳ ሳይጨርሱ ይነሱ ነበር። ክረምቱን ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲሆን አየሁ። እኔም ደወሉን ወደድኩት፤ ከደወሉ ጀርባ ያለውን ኮድ ግን ገልጬ አላየሁትም። ፕሮግራሙ የሚሠራ ነገር ነው፤ የሚሠራን ነገር ማን ይነካል? ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድብ እየሰማሁ እውላለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮው ማዶ ካለችው ምግብ ቤት ሽሮ እየፈላ በሸክላው ሲመጣልኝ፣ የተሾምኩ ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ እየሳሳ፣ ስንዴው ፍሬ መያዝ ጀመረ። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንዲት ወጣት በሩ ላይ ቆመች። ጭቃው ጉልበቷ ደርሷል፣ ሻሿ ከጤዛው ርሷል። ዘሃራ ትባላለች፤ ጥድ አፋፍ የምትባል መንደር ያለች የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ናት። ጥድ አፋፍ ሩቅ ናት፤ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ከሚታይበት ገደል ጫፍ የተቀመጠች መንደር ስትሆን፣ ወደ ፕሮጀክቱ የገባችው በክረምቱ አጋማሽ ነው።

"አሰላሙ አለይኩም" አለች።

"ወአለይኩም ሰላም። ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ልጄ። ምን ሆነሽ ነው?" አሉ ጋሽ ሰይድ።

"ዋግ ገብቷል፣ ጋሼ። የእትዬ ጥሩነሽ ማሳ ላይ ነው የጀመረው። መልእክት ላክሁ፤ ዝም አላችሁ። ደግሜ ላክሁ፤ አሁንም ዝም። ስልኬ ነው ብዬ የሰው ስልክ ተውሼ ላክሁ። በመጨረሻ በእግሬ መጣሁ።"

ጋሽ ሰይድ ወደ ስክሪኑ አዩ። ሁሉም ክብ አረንጓዴ ነው። ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩና፣ ከመጣሁ ጀምሮ ያልከፈትኩትን ከፈትኩ፤ ኦብጀክቱ የያዘውን ሁሉ እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ስሞቹ በተራ ወረዱ። ከሁሉም በታች "ጥድ አፋፍ" ይላል፤ አጠገቡ "ዋግ ታይቷል፣ እየሰፋ ነው" የሚል ነበር። የዘሃራ መልእክት ደርሷል። እቤት ገብቷል። ማንም ግን እንግዳ መጣ ብሎ አልተናገረም።

ቀስ እያልኩ ኮዱን ሳነበው ነገሩ ተገለጠልኝ። ያ ልጅ ፕሮግራሙ ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ላገኛቸው መንደሮች ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ጠባቂ አቁሟል። የአንዱ መንደር ወሬ ሲለወጥ የዚያ መንደር ጠባቂ ደወሉን ይደውላል። በእርሱ ጊዜ አዲስ መንደር ይጨመራል ያለው ስላልነበረ ጥፋት አልነበረውም። ጥድ አፋፍ በኋላ ስትመጣ ግን ጠባቂ የሚባል ነገር አልነበራትም። ቋንቋው ራሱ፣ ጃቫስክሪፕት፣ አዲስ ስም ሲጨመርለት ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ማንን ላሳውቅ አይልም።

ዘሃራ የግድግዳውን ስክሪን ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ የወረደውን ዝርዝር ስታይ ስሟ የተጠራ ያህል ደንገጥ አለች። "ታዲያ ደርሶ የለ እንዴ!" አለች። "ሰዎቹ እኮ፣ 'ይቺ ልጅ ቁጭ ብላ ስልክ ትነካካለች እንጂ ለማንም አልተናገረችም' እያሉኝ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ብቻ ናቸው ያመኑኝ።"

ጋሽ ሰይድ ቀድሞም ተነስተው መርጫዎቹን ወደ መኪናው እያወጡ ነበር። መድኃኒቱን ጭነው፣ ዘሃራን ከፊት አስቀምጠው፣ ሞተሩን አስነስተው ሳለ ጠሩኝ።

"ብርሃኑ፣ ሌላም ያልሰማነው መንደር ሊኖር ይችላል። አዲስ ስም በገባ ቁጥር እንዲጮህ ማድረግ ትችላለህ?"

አፌ ላይ የመጣው "አዎ" ነበር። ሥራ የፈለገ ወጣት ሌላ ቃል አይማርም። ነገር ግን የዘሃራ የራሰ ሻሽ መስታወቱ ውስጥ ይታየኝ ስለነበር ይሁን፣ አላውቅም፣ ያልለመድኩት ቃል ወጣኝ።

"አላውቅም፣ ጋሼ። እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም።"

ይናደዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተናደዱም። "አብሽር፣ አይዞህ፣" አሉ፣ "የሚያውቅ ፈልግ። ከእኛ መሀል ባይኖር ከአገሩ አይጠፋም። እኔ ወደ ማሳው፣ አንተ ወደ ማሽኑ።" ሄዱ።

ቢሮው ጭር አለ። ገበያው ውስጥ በግና ፍየል ሲጮህ ይሰማል፤ የበርበሬ ሽታ በመስኮቱ እየገባ ያስነጥሰኛል። መጀመሪያ ያደረግኩት የምችለውን ነው። ፕሮግራሙ በየጊዜው መደርደሪያው ላይ ያሉትን ስሞች እንዲቆጥር አደረግኩ፤ ቁጥሩ ከጨመረ ደወሉን ይደውል። ራሴ "ሙከራ መንደር" የሚል መልእክት ከስልኬ ላክሁ። ደወሉ ጮኸ! ብቻዬን ሳቅሁ። ደስታዬ ግን ወዲያው ከሸፈ። ከፕሮጀክቱ የሚወጣ መንደር ስሙ ከመደርደሪያው ይሰረዛል፤ አንዱ በወጣበት ቅጽበት ሌላ አዲስ ቢገባ ቁጥሩ ያው ነው። ሞከርኩት። አንዱን አውጥቼ ሌላ አስገባሁ፤ ደወሉ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። በሌላ ስም ሌላ ጥድ አፋፍ ፈጠርኩ ማለት ነው።

የሚያውቅ ፈልግ ብለውኛል። የማውቃት አንዲት ሰው ነበረች፤ ህይወት። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል፤ ፈተና ሲደርስ የክፍሉ ግማሽ የሚከባት፣ አሁን አዲስ አበባ የምትሠራ ልጅ። ከተመረቅን ወዲህ ደውዬላት አላውቅም ነበር፤ ሥራ ሳላገኝ ለመደወል አፍሬ፣ ካገኘሁ በኋላ ደግሞ ዘግይቼ። በዚያ ቀን መካነ ሰላም ውስጥ ኔትወርክ እንደ ልብ አልነበረም። ከከተማው ጫፍ ካለው የባሕር ዛፍ ጉብታ ላይ ወጣሁ። ንፋሱ ቅጠሉን ያፏጫል፤ ማዶ ማዶ የጤፍ ማሳው ሲጋደም ሲነሳ ይታያል።

"ብሬ! በሕይወት አለህ?" አለችኝ።

"አለሁ። ህይወት፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ ነው የደወልኩት፤ አፍሬያለሁ።"

"እፍረቱን በኋላ። ጠይቅ።"

ነገርኳት። ስለ ዋጉ፣ ስለ ዘሃራ፣ ስለ ቆጠራዬም ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። "መጀመሪያ ለዛሬ የሚሆነውን ልስጥህ" አለች። "ቁጥሩን ተው። ስሞቹን ራሳቸውን አወዳድር። ቅድም ያልነበረ ስም አሁን ካለ፣ አዲስ ነው። ይህ ለጊዜው ያድንሃል።"

"ለጊዜው?"

"አዎ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ እየዞርክ 'አዲስ አለ? አዲስ አለ?' እያልክ ልትጠይቅ ነው። በሁለት ዙር መሀል ያመልጥሃል፣ ማሽንህም ይደክማል። ደህናው መንገድ ፕሮክሲ የሚባለው ነው። ኦብጀክቱን ሙሉ በሙሉ ትሸፍነዋለህ። ማንኛውም ነገር ሊጻፍበት ሲመጣ መጀመሪያ በፕሮክሲው በኩል ያልፋል። እዚያ ላይ ትጠይቃለህ፤ 'ይህ ስም ውስጥ አለ ወይ?' ካለ፣ ለውጥ ነው። ከሌለ፣ አዲስ ነው። ከዚያ ታስገባዋለህ፣ ደወልህንም ትደውላለህ። ለየመንደሩ ጠባቂ ማቆም ቀረ፤ በሩ ላይ አንድ ይበቃል።"

ደግሜ አስደገምኳት። ኮዱን በቃል ነገረችኝ፤ እኔም ንፋሱ በሚያንገላታው ወረቀት ላይ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ጻፍኩ። ቢሮ ገብቼ ስሞክረው ግን ኮምፒውተሩ ፕሮክሲ የሚባል ነገር አላውቅም አለኝ። ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፕሮግራም አሮጌ ነበር። አዲሱን ከኢንተርኔት ላወርድ ብሞክር መስመሩ ጎትቶ ጎትቶ ይቋረጣል። ስሞቹን የሚያወዳድረውን አስገብቼ፣ እንደገና ጉብታው ላይ ወጣሁ።

"እኔ በፍላሽ አድርጌ በአውቶቡስ እልክልሃለሁ። ያንተ ሥራ መናኸሪያ ሄዶ መቀበል ብቻ ነው" አለች ህይወት።

ልካለችም። መናኸሪያው ላይ የጠበቅኳቸው ሾፌር ከኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለች ነገር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። "ይቺን ጥፍር የምታህል ነገር ነው እንዴ ሁሉ ሰው ደውሎ አደራ የሚለኝ?" አሉ። "መንገድ ሙሉ ስዳስሳት ነው የመጣሁት። ምን አለባት?" ለስንዴ ናት አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ፤ ከዚያ ፊቴን አይተው፣ "እግዜር ይርዳህ" አሉኝ።

ጋሽ ሰይድ እስከዚያ ድረስ ከጥድ አፋፍ አልተመለሱም ነበር። አዲሱን ጫንኩ፤ የህይወትን ኮድ አስገባሁ፤ ከስልኬ የውሸት መንደር ላክሁ። ዝም። እንደገና ላክሁ። ዝም።  ኦብጀክቱን ስከፍተው የውሸቱ መንደር ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ገብቷል፣ ደወሉ ግን አልሰማም። የማውቀው ነገር ሁሉ አለቀብኝ። ምሳዬን ሳልበላ ኮዱን ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ አንድን ጽሑፍ በሕይወቴ እንደዚያ አንብቤ አላውቅም። ችግሩ ታች ላይ ተገኘ። መልእክቱን የሚቀበለው ክፍል አሁንም የሚጽፈው ቀጥታ በድሮው ኦብጀክት ላይ ነበር። እኔ ፊት ለፊት በር ላይ ጠባቂ አቁሜ፣ እንግዳው በጓሮ እየገባ ነው። ያን አንድ ስም ቀየርኩ፤ በኦብጀክቱ ፈንታ ፕሮክሲው ላይ እንዲጽፍ አደረግኩ። ላክሁ።

ደወሉ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ ያልነበረ ስም፣ ቀይ ክብ ይዞ ብቅ አለ። አንዱን አውጥቼ ሌላ አስገባሁ፤ ጮኸ። ከምግብ ቤቷ ሽሮዬን ይዛ የመጣችው ሴት በሩ ላይ ቆማ፣ "ምነው፣ እሳት ተነሳ እንዴ?" አለችኝ። "የለም፣ አዲስ መንደር መጣ" አልኳት። ምን እንደሆንኩ ሳይገባት ሽሮውን አስቀምጣ ሄደች። ያን ሽሮ ያክል የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

የውሸት መንደሮቼን አጥፍቼ ለዘሃራ ደወልኩ። ጥድ አፋፍ ላይ ስልክ የሚይዘው ገደሉ ጫፍ ያለ አንድ ቋጥኝ ላይ ነው፤ ደግነቱ እዚያ ነበረች። "እስካሁን ያልተጻፈ የጎጥ ስም ላኪ" አልኳት። ትንሽ ቆይቶ ደወሉ ጮኸ፤ ስክሪኑ ላይ "ላይ ማርያም" የሚል ወጣ። ከአጠገቡ "ዋግ የለም። መርጨት ጨርሰናል። ና እና እይ" ይላል።

ሄድኩ። መኪና እስከሚደርስበት ተሳፍሬ ሄጄ ቀሪውን በእግሬ ወጣሁ። ዝናብ ያጠበው መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ባቄላ፣ ከባቄላው ወዲያ ስንዴ። ጋሽ ሰይድ ከነቦቲያቸው ማሳ መሀል ቆመው አገኘኋቸው። ወደ እርሳቸው ስሄድ ሱሪዬ ከጉልበቴ በታች ቀይ ዱቄት ለብሶ ወጣ። በስክሪን ላይ አንድ ክብ የነበረው ነገር ሱሪዬ ላይ ነበር።

የማሳው ባለቤት እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ማሳቸው ግማሽ ያህሉ አልተረፈም፤ በገደሉ በኩል ያለው፣ በሽታው መጀመሪያ የያዘው፣ ቀልጧል። ወዲህ ያለው ግን ቆሟል፤ የጎረቤቶቻቸውም ማሳ ከነጭራሹ ሳይነካ ቀርቷል። እኔ የጠፋውን እያየሁ ቆሜ ሳለ፣ እርሳቸው ክንዴን ይዘው ወደ ቤታቸው ጎተቱኝ።

"የሄደውን አይተህ የቆመውን አትርሳው፣ ልጄ። እግዜር የተወልንን እንብላ" አሉኝ። የባቄላ እሸት ከነቅርፊቱ ጠብሰው፣ ጨው ነስንሰው፣ በሰፌድ አቀረቡ። ለጋሽ ሰይድና ለዘሃራ የማያሰክረውን የገብስ መጠጥ፣ ቅሪቦ፣ በጣሳ፣ ለእኔ ጠላ ቀዱ። እሸቱ ጣት ያቃጥላል፤ ቅርፊቱን እየፈለቀቅን፣ እፍ እያልን በላን።

ያኔ ነው ዘሃራን ያን ያህል መንገድ ለምን በእግሯ እንደመጣች የጠየቅኳት። ተናድዳ ልትሰድበን የመጣች ይመስለኝ ነበር።

"ምን ብዬ ነው የምናደደው?" አለች የባቄላውን ፍሬ ወደ አፏ እየወረወረች። "ጋሽ ሰይድ መልእክት አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ታመው ይሆናል፣ ወይ መኪናው ገደል ገብቶ ይሆናል ብዬ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሩ ላይ ቆሜ ሁላችሁንም ደህና ሳያችሁ እኮ ስለ ዋጉ መናገር ረስቼ ነበር።"

እትዬ ጥሩነሽ ሳቁ። "እኔም ነኝ ሂጂ ያልኳት። 'ስንዴው ይቆይ፤ ሰዎቹ ምን አገኛቸው፣ ሄደሽ እያቸው' ብያት ነው" አሉ።  ስንነሳ እትዬ ጥሩነሽ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፤ ጋሽ ሰይድም እጃቸውን ዘርግተው "አሚን" አሉ፣ እኔም "አሜን" አልኩ። በዚያ አገር ምርቃት ሲወርድ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ክረምት ደወሉ ለአዳዲስ ስሞች ሲጮህ ሰምቻለሁ። የጥድ አፋፍ ሰዎችም ዘሃራን መልሰው አመኗት፤ እንዲያውም ትንሽ አበዙት መሰለኝ፣ ላም ስትታመምም ለእርሷ ይነግሩ ጀመር። ህይወት በስልክ ማስተማሯን አልተወችም፤ የማውቀውን ሙያ አብዛኛውን ያገኘሁት በዚያ የባሕር ዛፍ ጉብታ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዛሬም አንድ ነገር ሲከብደኝ የምደውለው ለእርሷ ነው።

ዛሬ ፕሮክሲ ምን እንደሆነ ማንም ልጅ ከስልኩ ያገኘዋል፤ የሾፌር አደራ አያስፈልገውም። ደስ ይለኛል። እኔ ከመካነ ሰላም ይዤ የወጣሁት ግን ኮዱን ብቻ አይደለም። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው፣ በተቀጠረበት ሥራ ላይ፣ በአለቃው ፊት "አላውቅም" ብሎ ምንም ሳይጎድልበት መቅረቱ ትልቅ ስጦታ ነው። ይህን ስጦታ ያላገኙ፣ ከእኔ ይልቅ ጎበዝ የነበሩ ስንት ጓደኞች አሉኝ። ባያውቁም እንዳወቁ ሆነው ኖሩ፤ ደከማቸውም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለጋሽ ሰይድ ደወልኩላቸው። ጡረታ ወጥተው አቀስታ ይኖራሉ፤ ገብስ እያሳጨዱ አገኘኋቸው። ስለ ፋጡማ ጥያቄ ነገርኳቸውና የዚያን ቀኑን ነገር አነሳሁ። በመኪናው መስኮት "አብሽር" ስላሉኝ ሳላመሰግናቸው ይህን ሁሉ ዓመት መኖሬን፣ ላመሰግናቸውም እንደደወልኩ ነገርኳቸው።

 ከዚያ ጋሽ ሰይድ ሳል ሳል ብለው፣ "እኔም ያልነገርኩህ አለ" አሉኝ። "ያን ቀን መኪናው ውስጥ ስገባ፣ ዋጉ ያን ያህል ከሰፋ ወዲያ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ አላውቅም ነበር። ለዘሃራ እንዴት ልንገራት ብዬ ጭንቅ ይዞኛል። አንተ መጥተህ 'አላውቅም' አልከኝ። ወላሂ፣ ልቤ ነው የቀለለኝ። ሁለት ሆንን አልኩ። ከዚያ መንገድ ላይ፣ 'የምችለውን እረጫለሁ እንጂ መትረፉን አላውቅም፣ ልጄ' አልኳት።"

"እሷስ ምን አለች?"

"'ይሁን ጋሼ፣ እንሂድ' አለቻ። ምን ትላለች?"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ጊዜ በረንዳዬ ላይ ቆየሁ። ጭጋጉ ተነስቶ ከተማው ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ በመካነ ሰላም አንድም ሙሉ አዋቂ አልነበረንም፤ እኔም፣ ዘሃራም፣ ጋሽ ሰይድም የምናውቀው ግማሽ ግማሹን ነበር። ግን ስንዴው በዚያ ግማሽ ተረፈ፤ እኔም በዚያው ግማሽ ሰው ሆንኩ። ተመስገን።